ሐይቅ ዳር የሚገነባ መጀመሪያ መስመሩን ይጠይቅ

የውኃ ዳር ቦታ በተፈለገ ቁጥር ያልተሰመረ ወሰን የነጋዴውንም የሐይቁንም ጥሪት ይበላል

በቦታና በቤት ድለላ የተሰማራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። «ውኃው ከደጅ ነው» የተባለለት ቦታ ከሌላው ቀድሞ ገዢ ያገኛል። ዋጋውም ከኋላው ካለው ቦታ ይበልጣል። በቢሾፍቱ፣ በሐዋሳ፣ በባሕር ዳር ወይም በባቱ (በቀድሞዋ ዝዋይ) ሆቴል፣ ሎጅ ወይም የመዝናኛ ሥፍራ ለመሥራት የሚነሳ ባለገንዘብ መጀመሪያ ዓይኑን የሚጥለው በውኃው ዳር ላይ ነው። በንግድ ጥሪት አፍርተው ወደ ሆቴልና ሕንፃ ሥራ ከተሸጋገሩት መካከል ደግሞ የቡታጅራ፣ የወልቂጤና የቸሃ ተወላጆች ጥቂት አይደሉም።

በገበያው ብዙም የማይነሳው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። የሐይቁ ይዞታ የት ላይ ያበቃል? የባለሀብቱስ ከየት ይጀምራል? ካርታ ላይ የሰፈረው የቦታ ወሰን ለዚህ ሙሉ መልስ አይሰጥም። ምክንያቱም ሐይቅ እንደ አጥር በአንድ ቦታ የሚቆም ነገር አይደለም። በክረምት ይመጣል፣ በበጋ ይሸሻል፣ በየአሥር ዓመቱ ደግሞ ማንም ያልጠበቀውን ያደርጋል። ይህንን ጥያቄ ሳያነሳ ሊዝ የተዋዋለ ሰው የገዛው ቦታ ብቻ ሳይሆን ክርክርም ጭምር ነው።

ጥልቀት የሌለው ሐይቅ

ለቡታጅራ ነጋዴ ቅርቡ ትልቅ ሐይቅ ዝዋይ ነው። በጥንት ስሙ ደምበል የሚባለው ይህ ሐይቅ 440 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። አማካይ ጥልቀቱ ግን 2.5 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ይህ ቁጥር ለግንባታ ምን ማለት እንደሆነ በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። ዳርቻው በየ100 ሜትሩ 1 ሜትር ብቻ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ የሐይቁ ከፍታ በ1 ሜትር ሲቀንስ ውኃው 100 ሜትር ይሸሻል። 1 ሜትር ሲጨምር ደግሞ 100 ሜትር ወደ ግቢ ይገባል። ውኃ ዳር ተብሎ የተሠራው የእንግዳ ማረፊያ በአንደኛው ሁኔታ ጭቃ ዳር፣ በሌላው ሁኔታ ውኃ ውስጥ ይሆናል።

የዝዋይ ጉዳይ ለጉራጌ ከተሞች የሩቅ ወሬ አይደለም። ሐይቁን ከሚመግቡት ሁለት ዋና ወንዞች አንዱ የሆነው መቂ የሚነሳው ከጉራጌ ተራሮች ነው። ሁለተኛው ከአርሲ የሚመጣው ከታር ነው። በመቂ ተፋሰስ ያለ ገደል በተሸረሸረ፣ የወንዝ ዳር ዛፍ በተቆረጠ፣ አሸዋ ያለ ሥርዓት በተዛቀ ቁጥር ደለሉ ቁልቁል ወርዶ ከሐይቁ ይገባል። ውኃው ከሐይቁ የሚወጣው በቡልቡላ ወንዝ ሲሆን፣ ቡልቡላ ደግሞ የአብጃታ ሐይቅ ዋና መጋቢ ነው። ከዝዋይና ከቡልቡላ ለመስኖ፣ ለአበባ እርሻና ለከተማ የሚቀዳው ውኃ በበዛ ቁጥር አብጃታ እየሸሸ መምጣቱ የታወቀ ነው። ስለዚህ በአንድ ዳርቻ ላይ የሚሠራ ሥራ ዋጋው የሚከፈለው በሌላ ወረዳ፣ አንዳንዴም በሌላ ክልል ነው።

በሐይቁ ላይ ቱሉ ጉዶን፣ ደብረ ሲናንና ገሊላን ጨምሮ አምስት ደሴቶች አሉ። የዛይ ሕዝብ በእነዚህ ደሴቶች ላይ በዓሣ ማስገርና በእርከን እርሻ ሲኖር ዘመናት አስቆጥሯል። የቱሉ ጉዶ ደብረ ጽዮን ገዳም ደግሞ የታወቀ የጉብኝት ሥፍራ ነው። ወደ ባቱ የሚመጣው ጎብኚ ገንዘቡን የሚያወጣው ለእነዚህ ደሴቶች፣ ለወፎቹና ለዓሣው ሲል ነው። ሲሚንቶ ለማየት ብሎ የሚመጣ የለም።

የሐይቁ ሪፍ ደንገሉ ነው

በባሕር ዳርቻ ያሉ አንዳንድ አገሮች በግንባታ ላይ ጥብቅ ደንብ እንዲያወጡ ካደረጓቸው ምክንያቶች አንዱ ኮራል ሪፍ ነው። ሪፍ ማለት ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በሺህ ዓመታት የሚገነቡት ከውኃ በታች ያለ የድንጋይ አጥር ነው። ማዕበልን ይሰብራል፣ ዓሣ ይፈለፈልበታል፣ ቱሪስትም ይመጣበታል። በላዩ ላይ ደለል ወይም የፍሳሽ ቆሻሻ ከተደፋበት ታፍኖ ይሞታል። በአንድ ክረምት የጠፋውን ለመመለስ ብዙ ዓመታት ሊወስድ ይችላል።

ኢትዮጵያ ዛሬ ባሕር የላትም። ሐይቆቿ ግን ያንኑ ሥራ የሚሠራ ነገር አላቸው። ከውኃው ዳር የሚበቅለው ደንገል፣ ፊላና ሣር ሞገድ ይሰብራል፣ ከእርሻ የሚመጣውን ደለል ያጣራል። በፆም ወራት ፈላጊው የሚበዛው ቆሮሶ ዓሣ ጎጆ ሠርቶ የሚራባው ጥልቀት በሌለው ሞቃት ዳርቻ ላይ ነው። ባለሀብቱ «እይታ ይከልላል» ብሎ ደንገሉን ሲያስመነጥር፣ ዳርቻውን በአፈርና በድንጋይ ሲሞላ፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ ከውኃው አጠገብ ሲያስቆፍር፣ የሚያጠፋው ሣር ብቻ አይደለም። የአስጋሪውን የነገ ገበያ፣ የራሱንም ሆቴል የምሳ ዝርዝር ጭምር ነው።

የተራቆተ ዳርቻና በፍሳሽ የወፈረ ውኃ ለእምቦጭ አረም ምቹ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። በጣና ሐይቅ እምቦጭ የታየው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለማስወገድ የወጣው ጉልበትና ገንዘብ ብዙ ነው። አረሙ ዝዋይንም አልማረም።

ጀፎረ የሚያውቅ ሰው ለወሰን እንግዳ አይደለም

«ለሕዝብ ጥቅም ሲባል እዚህ ላይ አትገንባ» የሚል ደንብ ሲነሳ ብዙ ባለሀብቶች የውጭ አገር ሐሳብ ይመስላቸዋል። በቸሃና በሌሎች የጉራጌ ቤቶች ላደገ ሰው ግን ነገሩ አዲስ አይደለም። የጉራጌ መንደር የሚታወቀው በጀፎረ ነው። በሁለት ረድፍ በተሠሩ ቤቶች መካከል የሚዘረጋው ይህ ሰፊ የሣር ሜዳ የማንም የግል ይዞታ አይደለም። መንገድ ነው፣ የከብት መዋያ ነው፣ የሠርግና የለቅሶ መሰብሰቢያ ነው፣ የመስቀል በዓል ማድመቂያም ነው።

ከገበያ አንጻር ሲታይ ጀፎረ እጅግ ውድ ቦታ ነው። ፊት ለፊት ነው፣ ሜዳ ነው፣ ለመንገድ ቅርብ ነው። ሆኖም አጥሩን ወደ ጀፎረው የገፋ ሰው በሽማግሌ ፊት ቀርቦ በባሕላዊው ሕግ በቂጫ ይዳኛል። ይህ ሥርዓት ጸንቶ የቆየበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ መስመሩ የት እንደሆነ ሕፃኑም ሽማግሌውም ያውቀዋል። ሁለተኛ፣ መስመሩ ለሁሉም እኩል ነው። ሀብታሙ ሦስት ክንድ ገፍቶ ድሃው ባለበት እንዲቆም አይደረግም።

ከሁሉም በላይ ጀፎረው የቤቱን ዋጋ አልቀነሰም። ይልቁንም ለእያንዳንዱ ቤት ደጃፍና ክብር የሰጠው እሱ ነው። እያንዳንዱ አባወራ አምስት ሜትር ወደ ፊት ቢገፋ ኖሮ ሁሉም አምስት ሜትር አግኝቶ ሁሉም ደጃፉን ባጣ ነበር። የሐይቅ ዳርቻም ከዚህ አይለይም። ሐይቅም ጀፎረ ያስፈልገዋል።

ሕጉ አለ፣ ሜትሩ የለም

በሕግ በኩል አገሪቱ ባዶ እጇን አይደለችም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውኃ አካላትን ዳርቻ ወሰን የመከለል፣ በተከለለው ዳርቻ ላይ ዛፍና ዕፅዋት መመንጠርንና የመኖሪያ ቤት መሥራትን የመከልከል ሥልጣን ለተቆጣጣሪው አካል ሰጥቷል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ ግምገማ የሚያስፈልጋቸው ፕሮጀክቶች የኢንቨስትመንት ወይም የሥራ ፈቃድ ከማግኘታቸው በፊት ግምገማው መጽደቅ እንዳለበት ደንግጓል። ጥናቱ መጽደቁም ባለፕሮጀክቱን ለሚያደርሰው ጉዳት ከተጠያቂነት ነፃ አላደረገውም። ይህ አንቀጽ በነጋዴው ዘንድ ብዙም አይታወቅም።

ክፍተቱ ግን ጉልህ ነው። የውኃ አዋጁ ዳርቻ የመከለል ሥልጣን ሰጠ እንጂ ስንት ሜትር የሚል ቁጥር አላስቀመጠም። ስሙን ጠርቶ ያነሳውም የመኖሪያ ቤትን ነው። ሆቴል፣ ሎጅ፣ የጀልባ መቆሚያና የኮንክሪት መናፈሻ ለትርጉም የተተዉ ይመስላሉ። መስመሩ በመሬት ላይ በድንጋይ ካልተተከለ፣ ማዘጋጃ ቤቱ በአንድ እጁ የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ የአካባቢ መሥሪያ ቤቱ በሌላ እጁ የማፍረሻ ደብዳቤ ሊጽፍ ይችላል። በመካከል የሚጎዳው የባንክ ወለድ የሚቆጥርበት ሰው ነው።

ሌላው ችግር የመሥሪያ ቤቶች መለዋወጥ ነው። በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመው የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በ2005 ሚኒስቴር፣ በ2011 ኮሚሽን፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ተመልሶ ባለሥልጣን ሆኗል። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን ተፋሰስ ይከታተል የነበረው ራሱን የቻለ ባለሥልጣንም ከሌሎች ተፋሰሶች ጋር በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር ከተጠቃለለ በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም. ሥራው ወደ ውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ገብቷል። ደጁን በየጊዜው ለሚቀይር መሥሪያ ቤት የድንበር ድንጋይ መጠበቅ ቀላል አይሆንም።

በዚህ ላይ የክልል ወሰን ይጨመራል። ሐይቁ ያለው በኦሮሚያ ክልል ነው። መቂ የሚነሳበት የጉራጌ ምድር ደግሞ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ነው። አንዱ ዳርቻውን ቢከልል ሌላው ራሱን ወንዙን ካልጠበቀ፣ ሥራው ግማሽ ጎን ብቻ እንደታጠረ በረት ይሆናል።

ያልተጠየቀ መስመር ሒሳብ

ጉዳዩን በብርና በካሬ ሜትር ማየት ይጠቅማል። አንድ ባለሀብት በውኃው በኩል 40 ሜትር ፊት፣ ወደ ኋላ ደግሞ 100 ሜትር ርዝመት ያለው ቦታ በሊዝ ያዘ እንበል። በጠቅላላው 4,000 ካሬ ሜትር ነው። ዳርቻው በ50 ሜትር ቢከለል ለግንባታ የሚቀረው 2,000 ካሬ ሜትር ነው። የከፈለው የሊዝ ዋጋ ያው ስለሆነ፣ ሊገነባበት የሚችለው እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ዋጋው እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ይህንን አስቀድሞ ካወቀ ጉዳት የለውም። በጨረታው ላይ የሚሰጠውን ዋጋ ዝቅ ያደርጋል፣ ፎቁን ወደ ኋላ ስቦ ያስነድፋል፣ ፊቱን ሣርና ጥላ ያደርገዋል። ያላወቀ ግን መሠረቱን ከውኃው አፍ ላይ አውጥቶ፣ ብሎኬቱን ደርድሮ፣ ብድሩን ወስዶ ከጨረሰ በኋላ ይደርስበታል። መስመሩን አስቀድሞ ማስመር በባለሀብቱ ላይ የተጣለ ሸክም የሚመስለው ለዚህ ነው እንጂ፣ በእርግጥ ግን የዋጋ ማስታወቂያ ነው። ገበያ የሚፈራው ውድ ነገርን ሳይሆን ዋጋው ያልታወቀን ነገር ነው።

ዘግይተው ያሰመሩ አገሮች

ፊሊፒንስ ውስጥ ቦራካይ የምትባል በነጭ አሸዋዋና በሪፏ የታወቀች ትንሽ ደሴት አለች። እ.ኤ.አ. በ2017 ብቻ 2 ሚሊዮን ያህል ጎብኚ አስተናግዳ 56 ቢሊዮን ፔሶ ገደማ አስገብታለች። ከባሕሩ 30 ሜትር ርቀት ሳይጠበቅ እንዳይገነባ የሚለው ደንብ ቀድሞም ተጽፎ ነበር፤ የሚያከብረው ግን ጥቂት ነበር። የሆቴሎች ፍሳሽ ወደ ባሕሩ መግባቱ ሲበዛ መንግሥት ከሚያዝያ 26 ቀን እስከ ጥቅምት 26 ቀን 2018 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ደሴቲቱን ለስድስት ወራት ሙሉ በሙሉ ለጎብኚ ዘጋት። መስመሩን ያለፉ ሕንፃዎች ፈረሱ፣ ፊታቸው ተቆረጠ። ሕጉን አክብሮ የሠራውም ሆቴል ከጣሰው እኩል ስድስት ወር ያለ ገቢ ቆየ።

ግብፅም እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣችው የአካባቢ ሕግ ከባሕር ዳር 200 ሜትር ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ መገንባትን ከልክላለች። ሕጉ ሲወጣ ግን በቀይ ባሕር ዳር ባለችው ሁርጋዳ ባሕሩን በአፈር እየሞሉ የተሠሩ ሆቴሎች የሪፉን ጥልቀት የሌለው ክፍል አስቀድመው በልተውት ነበር።

ወደ ጎረቤት ስንመጣ፣ በነሐሴ ወር 2018 (እ.ኤ.አ.) በናይሮቢ በወንዝ ዳር ክልል ላይ ተሠርተዋል የተባሉ ሕንፃዎች ሲፈርሱ የገበያ ማዕከል ጭምር በዶዘር ተንዷል። ከባለንብረቶቹ መካከል ፈቃድና ሰነድ አለን የሚሉ ነበሩ። ሰነዱ ሕንፃውን ከዶዘር አላዳነውም።

ውኃ ሲመጣም ሲሄድም

መንግሥት ባያፈርስ እንኳ ውኃው ራሱ ያፈርሳል። በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ በፊት 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ዛሬ ከ40 በላይ ሆኖ እርሻና ሰፈር ውጧል፣ መኪና መንገዱንና ባቡር ሐዲዱንም አስቸግሯል። ሐዋሳ ከተማ ከሐይቁ መሙላት ራሷን የጠበቀችው የአፈር ግድብ በመሥራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የኬንያ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሲሞሉ ደግሞ በባሪንጎ ዳር የነበሩ ሆቴሎች ወለላቸው በውኃ ተውጧል።

በተቃራኒው ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ይሰጥ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1996 ዓ.ም. ገደማ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። ውኃው በቅርብ ዓመታት በከፊል ተመልሷል። በደረቀው መሬት ላይ ቤት ሠርቶ ቢሆን ኖሮ ምን ይገጥመው እንደነበር ማንም ነጋዴ ሊገምት ይችላል።

ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት

ለውኃ ዳር ቦታ ዋጋ የሚሰጥ ሰው ደላላውን ሳይሆን መሥሪያ ቤቶቹን ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የከተማው ፕላን የዳርቻውን ክልል በሜትር ያሳያል ወይ? ሜትሩ የሚለካውስ ከበጋው ውኃ ጠርዝ ነው ወይስ ከክረምቱ? በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሕንፃ ስፋት ሊሆን ይችላል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ መጽደቁ በጽሑፍ አለ? ፍሳሹ የት ይገባል? ባለፉት ሃያና ሠላሳ ዓመታት ሐይቁ የት ደርሶ እንደነበር ሽማግሌ አስጋሪዎች ያውቃሉ፤ ያለ ክፍያም ይነግራሉ።

ባንኮችም በዚህ ጉዳይ ባዕድ አይደሉም። ዳርቻው ባልተከለለ ሐይቅ ላይ የቆመ ሕንፃ ለብድር መያዣ ሲቀርብ የሚገመተው ዋጋ ሊፈርስ በሚችል ነገር ላይ የተመሠረተ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሳ የሚፈቅደው ለሕጋዊ ባለይዞታ ነው። ከተከለለ መስመር አልፎ ያለ ፈቃድ ለገነባ ሰው የሚከፈል ነገር የለም።

ለጉራጌ ከተሞች ደግሞ ጉዳዩ በሌላ ክልል ሐይቅ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ብቻ አይደለም። ከቡታጅራ በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በስልጤ ዞን የሚገኘው ሀረ ሸይጣን የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ሐይቅ አለ። «ድንጋይ ቢወረወር ውኃው ላይ አይደርስም» የሚባልለት ይህ ሐይቅ ከዓመት ወደ ዓመት ጎብኚ እያገኘ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ወልቂጤ በሚወስደው መንገድ ወሊሶ ላይ ታጥፎ የሚደረስበት የወንጪ ሐይቅም በ2012 ዓ.ም. በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ከታቀፉት ሥፍራዎች አንዱ ነው። ሁለቱም በጉድጓድ ውስጥ ያሉ ሐይቆች ናቸው። ከአፋፉ የተደፋ ፍሳሽ ቁልቁል ወደ ውኃው ይወርዳል። በእነዚህ ቦታዎች አካባቢ የመሬት ፍላጎት ገና በጅምር ላይ ነው። መስመር ማስመር ርካሽ የሚሆነውም አሁን ነው። አንድ ሆቴል ከቆመ በኋላ የሚሰመር መስመር ፍርድ ቤት፣ ካሳና ዶዘር ይጠይቃል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የሚፈለገው ነገር ከባድ አይደለም። ክልሎቹ በየሐይቁ ዳር ስንት ሜትር እንደሆነ በቁጥር ይወስኑ፣ ድንጋይ ይትከሉ፣ ካርታውን በማዘጋጃ ቤት ግድግዳ ላይ ይለጥፉ፣ ጨረታውም ከዚያ በኋላ ይውጣ። የቸሃ ገበሬ ጀፎረውን ያስከበረው መሐንዲስ ቀጥሮ አይደለም። መስመሩን ቤት ከመሠራቱ በፊት ስላወቀና ጎረቤቱም እንደሚያከብረው እርግጠኛ ስለነበረ ነው። በሐይቅ ዳር ገንዘቡን የሚያፈስ ነጋዴ ከመንግሥት ሊጠይቀው የሚገባው የመጀመሪያ አገልግሎት መብራትና መንገድ ሳይሆን ይህ መስመር ነው።